እሳተ ገሞራው በተወው ቦታ መግባት፦ የላንዛሮቴ ደሴት ጉዳይ

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730 ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት መካከል፣ ላንዛሮቴ በምትባል ደሴት ላይ፣ ቲማንፋያ መንደር አጠገብ መሬት ተሰነጠቀ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ከመሬቱ ሆድ ተራራ ወጣ። ያይዛ የምትባል የደሴቲቱ መንደር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ያዩትን በማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት የምናውቀው ነገር አብዛኛው ከእሳቸው የመጣ ነው። ፍንዳታው ጋብ እያለ፣ እንደገና እየተነሳ እስከ ኤፕሪል 1736 ዘለቀ። ሲያበቃ ከደሴቲቱ ሩብ ያህሉ ላቫ፣ ማለትም ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ፣ ለብሷል። መንደሮች ተቀብረዋል። ለእህል የተመቸ መሬት ጠፍቷል። ከሕዝቡም ብዙው ወደ ሌሎቹ የካናሪ ደሴቶች ተሰዷል።

ላንዛሮቴ የስፔን ናት። ከአፍሪካ ጠረፍ ግን የምትርቀው 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዝናብ እምብዛም አያገኛትም፤ በአብዛኛው ቦታ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንዝ የላትም። ነፋስ ግን አታጣም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ወሩ ቢለዋወጥም እምብዛም አይለቃትም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት «ከአካባቢው ጋር የተስማማ ሕንጻ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እየሳሳ ስለመጣ ነው። ብዙ ጊዜ መሬቱ በዶዘር ይደለደላል። አርማታ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ዙሪያው ሣር ይተከልና ሕንጻው ከቦታው ጋር ተስማማ ይባላል። ላንዛሮቴ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ መጀመሪያ የተጠየቀው «ምን እንሥራ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። «መሬቱ ራሱ ምን ሠርቶ ቆየን?» ነው የተባለው። እንደ እኔ ከሆነ ቀሪው ሁሉ የመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ገበሬዎቹ ቀድመው ነበር

አርክቴክቶች ከመምጣታቸው በፊት ጥያቄውን የመለሱት ገበሬዎች ናቸው። ላ ኼሪያ የሚባል ሸለቆ አለ። እሳተ ገሞራው በጥቁር ጠጠር አልብሶታል። ጠጠሩ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው። የአገሩ ሰዎች ሮፌ ይሉታል። መጀመሪያ ሲታይ እርግማን ነበር፤ ደህናው አፈር ከሥሩ ተቀብሯል።

ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ተገለጠላቸው። ጠጠሩ ያረፈበት አፈር ቶሎ አይደርቅም። ዝናብ ጠብ ሲል ሮፌው ውኃውን አያግደውም፤ ፈጥኖ ወደ ታች ያሳልፈዋል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱ እንዳይተን ይይዘዋል። የሌሊት ጤዛም እዚያው ጠጠሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ጠጠሩን ጠርጎ ለመጣል አልደከመም። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሰፊ ጉድጓድ ቆፈረ። አንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ሜትር ያህል ይጠልቃል። ሥሩ አሮጌው አፈር ላይ እንዲደርስ አድርጎ ወይኑን ታች ተከለው። በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የድንጋይ ካብ ካበ። ካቡ ጭቃ የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሸለቆው በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ሳህኖች የተደረደሩበት ይመስላል። በእያንዳንዱ ሳህን መሐል አንድ ወይ ሁለት አረንጓዴ ግንድ ይታያል። አንዱም ለማማር ተብሎ አልተሠራም። ጉድጓዱ ለሥሩ ነው፣ ካቡ ለነፋሱ ነው፣ ጠጠሩ ለውኃው ነው። ለእኔ የደሴቲቱ የመጀመሪያ ታላቅ ሥነ ሕንጻ ይህ ነው። በኋላ የመጣውን የሠዓሊውን የሴሳር ማንሪኬን ሥራ ያለዚህ ሸለቆ መረዳት አይቻልም።

የቤት አሠራራቸውም ያው ነበር። ዝቅ ያለ፣ በኖራ የነጣ፣ ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ ቤት ይሠራሉ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ዝናቡን ወደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያወርደዋል። ጠብ ያለ ውኃ በከንቱ አይፈስም።

ሰውየው

ሴሳር ማንሪኬ በ1919 በደሴቲቱ ዋና ከተማ በአሬሲፌ ተወለደ። የግንባታ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ አልጨረሰውም። ማድሪድ ሄዶ ሥዕል ተማረና ሠዓሊ ሆነ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ኖረ። በ1966 ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ የቱሪስት አውሮፕላን መምጣት ጀምሯል። በስፔን የባሕር ዳርቻዎች ረጃጅም ሆቴሎች እንደ ግድግዳ እየተደረደሩ ነበር። የላንዛሮቴም ተራ ሩቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች ማንሪኬን ብቻውን የቆመ ጀግና ያደርጉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የልጅነት ወዳጁ ሆሴ ራሚሬስ ከ1960 እስከ 1974 የደሴቲቱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበር። ገንዘቡም፣ ማሽኑም፣ ሠራተኛውም፣ ፈቃዱም የሚገኘው ከምክር ቤቱ ነበር። ኼሱስ ሶቶ የሚባል ብርቱ ባለሙያም አብሯቸው ነበር። መብራቱንና ብዙውን የሳይት ሥራ የያዘው እሱ ነው። ብዙ ውሳኔ የሚወሰነው ሳይቱ ላይ፣ ከግንበኞቹ ጋር ቆመው እየተነጋገሩ ነበር። ያልተስተካከለ ድንጋይ ወረቀት ላይ ካለው መስመር ጋር ስለማይገጥም፣ ላቫ ላይ እንዲህ መሥራት ግድ ይላል።

በአረፋ ውስጥ ያለው ቤት

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። እዚህ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በታኢቼ መንደር አጠገብ ከ1730ዎቹ ፍንዳታ የቀረ ጥቁር የላቫ ሜዳ አለ። ማንሪኬ በዚያ ሲያልፍ ከድንጋዩ መሐል የበለስ ዛፍ ጫፍ ብቅ ብሎ አየ ይባላል። ዛፍ ከባዶ ላቫ አይበቅልም። ስለዚህ ጠጋ ብሎ ተመለከተ። ዛፉ የቆመው ጣሪያው በተናደ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ባለመሬቶቹን ሲጠይቅ «ይህ ምን ይረባል? የፈለግከውን ያህል ውሰድ» አሉት ተብሎ ይተረካል።

ጉድጓዱ የላቫ አረፋ ነው። ላቫ ሲፈስ ላዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነው፤ ጋዝም አምቋል። ጋዙ የለሰለሰውን ድንጋይ እንደ ሊጥ ይነፋዋል። ሲቀዘቅዝ ክብ ባዶ ክፍል ይቀራል። የአንዳንዱ ጣሪያ በራሱ ጊዜ ይናድና ሰማይ ይታይበታል። ለመንገድ ሠሪ ይህ መዓት ነው፤ ከሥር ባዶ መኖሩን ሳያውቅ ከባድ ነገር ቢጭንበት ሊሰምጥ ይችላል። ማንሪኬ ያገኘው አምስት አረፋ ነበር። እሱ ያያቸው እንደ አምስት ክፍል ነው።

ቤቱ በ1968 መሠራት ጀመረ። ላይኛው ክፍል ነጭ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ የደሴቲቱን የገበሬ ቤት ይመስላል። ልዩነቱ መስኮቶቹ ትልልቅ መሆናቸው ነው። ከሳሎኑ በድንጋይ ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል። ታች አረፋዎቹ አሉ። በመካከላቸው ላቫውን እየፈለፈሉ ጠባብ መተላለፊያ አበጅተዋል። የመተላለፊያው ግድግዳ እንደ ሸካራ ዳቦ ቅርፊት ነው፤ ማንም አልለሰነውም። ወለሉ ግን ነጭ ተቀብቷል። ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ይውጣል። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው የቀን ብርሃን ነጩ ወለል ላይ አርፎ ወደ ላይ ሲመለስ ክፍሉን ያደምቀዋል። መቀመጫው ሁሉ፣ ሶፋውም ጭምር፣ የክቡን ግድግዳ ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ ነው። አንዱ አረፋ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ እየተባለ በመቀመጫው ቀለም ይለያል። ወፍራሙ ድንጋይ ዙሪያውን ስለያዘው የቀን ሙቀት ቶሎ አይገባም፣ የሌሊት ቅዝቃዜም እንደዚያው። ነፋሱ ከላይ ያልፋል። ገበሬው ለወይኑ የቆፈረውን ጉድጓድ አስታውሱ። ነገሩ አንድ ነው፤ እዚህ በወይኑ ፈንታ ሰው ነው የገባው።

ከሁሉ የምወደው ግን ሥዕል ይሥልበት የነበረው ክፍል መስኮት ነው። ትልቅ መስታወት ነው። ከውጭ የላቫው ምላስ እየተንከባለለ ይመጣና መስታወቱ ጋ ሲደርስ አይቆምም። ወደ ውስጥ ይቀጥላል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ነጩ ወለል ላይ ይወርዳል። መስታወቱ የተቆረጠው የድንጋዩን ጎርባጣ ጀርባ ተከትሎ ነው። አንድ ግንበኛ ይህን ለማድረግ ስንት ጊዜ ለክቶ፣ ስንት ጊዜ አንስቶ እንደሞከረ አስቡት። ድንጋዩን በመዶሻ ብሎ ማስተካከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። አላደረጉትም። መስታወቱ ነው ለድንጋዩ የታዘዘው። ሥነ ሕንጻ ለቦታው ተገዛ ሲባል ለእኔ ትርጉሙ ይህች አንድ መጋጠሚያ ናት።

ቢሆንም መነገር ያለበት አለ። ይህ የአንድ የታወቀ ሠዓሊ ሰፊ መኖሪያ ነው። ማንም ባልነካው የላቫ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ሌላ መቶ ሰው «እኔም አረፋ አግኝቻለሁ» ብሎ ቢከተል ሜዳው ያልቃል። ስለዚህ ቤቱን እንደ ናሙና ገልብጦ መውሰድ አይቻልም። የሚወሰደው መስኮቱ ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ማንሪኬ በ1988 ወደ ሌላ መንደር ተዛወረ። ቤቱ በማርች 1992 በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

ሸርጣኖቹ ያሉበት ዋሻ

በሰሜን ሞንቴ ኮሮና የሚባል ተራራ አለ። ከቲማንፋያ እጅግ ይቀድማል፤ የፈነዳው ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከእሱ የፈሰሰው ላቫ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ትቶ ሄዷል። ዋሻው እስከ ባሕሩ ደርሶ ከባሕሩም ሥር ይቀጥላል። ጣሪያው የተናደበትን ቦታ የደሴቲቱ ሰዎች ኻሜዮ ይሉታል። ቃሉ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው። ኻሜዮስ ዴል አጉዋ የሚባለው ቦታ በ1966 ለጎብኚ ተከፈተ፤ በዋሻው ውስጥ ያለው የሙዚቃ አዳራሽ ደግሞ በ1977።

ጎብኚ በአንደኛው ናዳ በጠመዝማዛ ደረጃ ይወርዳል። ታች ምግብ ቤት አለ። ከዚያ ኩሬው ይመጣል። ኩሬው ሰው አልቆፈረውም፤ የባሕር ውኃ በድንጋዩ ሰርጎ ነው የሚሞላው። ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ሲጎድል ይጎድላል። በጣሪያው ቀዳዳ አንድ የብርሃን ዘንግ ይወርድበታል። በኩሬው ግርጌ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቀርቦ ላየ ይንቀሳቀሳሉ። ጥፍር የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው የማያይ ትንንሽ ሸርጣኖች ናቸው። ዘመዶቻቸው የሚኖሩት ጥልቅ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። እነዚህ በዓለም ላይ የሚታወቁት በዚህች ደሴት ብቻ ነው።

ሳንቲም መጣል ክልክል ነው። ኩሬ ያየ ሰው ሳንቲም ወርውሮ መመኘት ይወዳል። ብረቱ ሲዝግ ግን ውኃውን ይመርዛል፤ ሸርጣኖቹ ይሞታሉ። ጫጫታና ብርቱ ብርሃንም ይረብሻቸዋል። እዚህ ላይ የዚህን ፕሮጀክት ከባድ ጥያቄ እናገኛለን። ዋሻውን አሳምሮ ለሕዝብ መክፈት ሰው እንዲወደው አድርጓል፤ የተወደደ ነገርም ተጠብቋል። ግን ለደካማ ፍጥረት መኖሪያ የሰው ብዛት ራሱ ሸክም ነው። የሰውን መተላለፊያ በጠባብ መንገድ ገድበው ኩሬውን በአንድ ጎን እንዲያልፉት ማድረጋቸው ትክክል ነበር። የመዋኛ ገንዳውን ግን ኩሬው ላይ አላደረጉትም። ማዶ፣ ሰማይ በተከፈተው ሁለተኛው ናዳ ውስጥ፣ ለብቻው ሠሩት። ለሰው ሌላ ውኃ፣ ለሸርጣኑ ሌላ ውኃ ማለት ነው።

መሠረት የማይቆፈርበት ሳይት

ወደ ቲማንፋያ እንመለስ። የ1730ዎቹ ፍንዳታ ካበቃ 230 ዓመት ካለፈው በኋላ እዚያ ምግብ ቤት ይሠራ ተባለ። ቦታው ኢስሎቴ ዴ ኢላሪዮ ይባላል። ኢላሪዮ ከግመሉ ጋር በዚያ ብቻውን ይኖር ነበር፣ የበለስ ዛፍም ተክሎ ዛፉ በእሳቱ ምክንያት ፍሬ አላፈራም የሚል አፈ ታሪክ አለ።

አፈ ታሪኩ ቢሆንም ባይሆንም ሙቀቱ እውነት ነው። አሥራ ሦስት ሜትር ወደ ታች 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይለካል። ከገጹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ጠጠር እጅ ያቃጥላል። ለጎብኚዎች የሚያሳዩት ነገር አለ። ደረቅ ጭራሮ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ቦግ ይላል። መሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ውኃ ያፈሳሉ፤ በቅጽበት በእንፋሎት ተመልሶ ወደ ላይ ይተኮሳል።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ መሠረት መቆፈር አይታሰብም። በ1970 የተሠራው «ኤል ዲያብሎ» ምግብ ቤት በዚህ ምክንያት ወደ ታች አልወረደም። የባዛልት ድንጋይ በንብርብር ተነጥፎለት በዚያ ላይ ተቀመጠ። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ድንጋይ፣ ብረትና መስታወት። ሙቀት የሚፈራ ነገር አልገባበትም። ቅርጹ ክብ ነው። ዙሪያው መስታወት ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተራሮቹን ያያል። መብራቶቹ የትልልቅ መጥበሻ ቅርጽ አላቸው።

ምድጃው እውነተኛው ብልሃት ነው። ክብ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከላዩ የብረት ፍርግርግ ተጋድሞበታል። ከሥሩ ከሰልም ጋዝም የለም። ከምድር ሆድ ትኩስ አየር እየወጣ ሥጋውን ያበስለዋል። ማብሰያው ሥጋ ገላባጭ እንጂ እሳት አንዳጅ አይፈልግም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርኢት ነው የሚያየው። እኔ ግን ከዚያ በላይ አየዋለሁ። ሙቀቱ ለመሠረቱ ችግር ነበር። ያው ሙቀት ለኩሽናው መፍትሔ ሆነ። ቦታው የሰጠውን ችግርና ጸጋ አንድ ላይ መቀበል ማለት እንዲህ ነው።

ከምግብ ቤቱ ወደ ውስጥ በግል መኪና አይኬድም። ጎብኚው መኪናውን ትቶ በአውቶቡስ 14 ኪሎ ሜትር ይዞራል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የመሬቱን እጥፋት እየተከተለ ይጠመዘዛል። እንደፈለጉ ወርዶ መራመድም የለም። በዚያ አገር የአንድ ሰው ዱካ ለዓመታት አይጠፋም። ድንጋዩ ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈው ላይከን የሚባል ሕይወት ያለው ነገር የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፤ አንዴ ከተረገጠ ያየው ትውልድ ሲተካ አያየውም። ቦታው በ1974 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ገደሉና ካባው

ሁለቱን በአጭሩ ልለፋቸው። ሚራዶር ዴል ሪዮ በ1973 የተሠራ መመልከቻ ነው። ከባሕር ወለል 475 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ ገደል ጫፍ ላይ፣ ቀድሞ የመድፍ ምሽግ በነበረበት ቦታ ይገኛል። ገደሉን ቆርጠው ሕንጻውን ውስጡ ከተቱት፤ ጣሪያውን መልሰው በአፈርና በድንጋይ ሸፈኑት። ከመንገዱ በኩል የሚታየው የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው። ውስጥ ሲገባ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ዓይኖች ይከፈታሉ። ከፊት ላ ግራሲዮሳ የምትባለዋ ትንሽ ደሴት ተዘርግታለች።

ሌላው ጓቲሳ ያለው የቁልቋል አትክልት ቦታ ነው። በ1990 ተከፈተ፤ በደሴቲቱ ላይ የማንሪኬ የመጨረሻ ትልቅ ሥራ ነው። ቦታው የሮፌ ካባ ነበር። ገበሬዎች ጠጠር ወስደው ጨርሰውት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል፤ ቆሻሻም ይጣልበት ነበር። ጉድጓዱን አልሞሉትም። በዙሪያው እርከን እርከን አድርገው 450 ዓይነት ቁልቋል ተከሉበት። መሐሉ ላይ ቆፋሪዎች ትተዋቸው የሄዱ የደረቀ አመድ ዓምዶች አሉ፤ እነሱም ባሉበት ቆሙ። የተጎዳ መሬትን ለማከም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙም አላውቅም። ቁልቋል ደግሞ ውኃ አይጠይቅም፤ እዚያ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሕንጻዎቹ በኋላ የሆነው

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጥቂት ሕንጻዎች ነው። ደሴቲቱን የጠበቃት ግን እነሱ ብቻ አይመስሉኝም። ማንሪኬ መንደር ለመንደር እየዞረ «ቤታችሁን አታፍርሱ፣ ነጩን ኖራ አትተዉ፣ አረንጓዴውን በርና መስኮት አትቀይሩ» ይል ነበር። የመንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲነሳ ተከራከረ፤ ተነሳም። ፎቅ እንዳይረዝም ታገለ። ዛሬም በደሴቲቱ መንገድ የሚነዳ ሰው ተራራውን የሚጋርድ ሰሌዳ አያይም። ይህ ዲዛይን አይመስልም። እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ዲዛይን ነው እላለሁ፤ ያልተሠራው ነገር ንድፍ።

ከታኢቼው ቤት በቀር የጎብኚ ቦታዎቹ በደሴቲቱ ምክር ቤት እጅ መሆናቸውም መነገር አለበት። የመግቢያው ገንዘብ ወደ ሕዝብ ካዝና ነው የሚሄደው። ላቫው የማንም የግል ሀብት አልሆነም።

ሆኖም ነገሩ በዚያው አልቀጠለም። በ1980ዎቹ የሆቴል ግንባታው ገነፈለ። ባሕር ዳርቻው ላይ አዳዲስ የመዝናኛ ከተሞች በቀሉ። ማንሪኬ በአደባባይ ተቃወመ። ደሴቲቱን በመውደዳቸው የመጡት ሰዎች ብዛት የመጡበትን ነገር ሊያጠፋው እንደሆነ ታየው። እሱ ራሱ ካመጣው ስም ጋር ነበር የሚታገለው። በ1991 የቱሪስት አልጋ ቁጥር የሚገድብ የደሴት ፕላን ጸደቀ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1992 ማንሪኬ ከቀድሞ ቤቱ አጠገብ በመኪና አደጋ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ደሴቲቱን በሙሉ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩባቸው በተለዩ ቦታዎች፣ በባዮስፌር መዝገብ አሰፈራት። መዝገቡ ግን ግንባታውን አላቆመውም። በ2000ዎቹ ፍርድ ቤቶች በርካታ የሆቴል ፈቃዶችን ሕግ የጣሱ ናቸው ብለው ሰርዘዋል።

ዛሬ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይመጣል። ነዋሪው 160 ሺህ ገደማ ነው። የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ ነው የሚገኘው። ማጣሪያው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በአብዛኛው ዛሬም በመርከብ ከሚመጣ ነዳጅ ነው። እዚህ ላይ ጠንካራ አንባቢ «ታዲያ ዘላቂነቱ የቱ ላይ ነው?» ቢል ትክክል ነው። ምድጃው በምድር ሙቀት ይሠራል፤ ተመጋቢው ግን በአውሮፕላን ነው የመጣው። የአንድ ሕንጻ ጥንቃቄ የአንድ ኢኮኖሚን ሸክም ሊሸከም አይችልም። የማንሪኬ ሥራ በዚህ በኩል ክፍተት አለው፤ ክፍተቱን ማንሳትም ሥራውን ማሳነስ አይሆንም። ስለ ቅርጽ፣ ስለ ቦታና ስለ ዕቃ የሰጠው መልስ ጥርት ያለ ነው። ስለ ብዛት የሰጠው መልስ በሕንጻ ሳይሆን በሕግ ነበር። ሕጉ በላላ ቁጥር ሥራው ይላላል።

አሬሲፌ ከተማ ባሕሩ ዳር አንድ ረጅም የሆቴል ፎቅ አለ። በ1994 ተቃጠለ፤ ለዓመታት ባዶ ቀፎውን ቆሞ ከረመ፤ በ2004 ታድሶ ተከፈተ። በደሴቲቱ ላይ እሱን የሚያህል ሌላ ረጅም ፎቅ የለም። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ከከተማው ውጭም ሆኖ ከሩቅ ይታያል። በሌላኛው ጫፍ ሰሜን ላይ ሚራዶሩ በገደሉ ውስጥ ተቀምጧል። መንገዱን የማያውቅ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ከግንቡ ፊት ቆሞ፣ ሕንጻው የት እንዳለ ይጠይቃል።